ክፍል አከራይቶ ስለ መኖር

ሰው ከሚኖርበት ቤት አንዱን ክፍል ለማያውቀው ሰው በገንዘብ ቢያከራይ ነውር ነውን? ይህን ጥያቄ ሁለት ዐይነት ሰዎች በሁለት መንገድ ሲመልሱት ሰምቻለሁ። አንደኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ «በጣራዬ ሥር ያደረ ሰው እንግዳዬ ነው፤ ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው» ይላሉ። ሁለተኞቹ በዕድሜ ከእነርሱ የሚያንሱና ለቤታቸው ማሠሪያ የተበደሩት ዕዳ ገና ያላለቀላቸው ሰዎች ናቸው፤ «ቤቱ የእኔ ነው፤ ዋጋውም የእኔ ነው፤ ያልተስማማው ይሂድ» ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ያልተስማማሁበትንም ምክንያት በአፋር አገር ከሚገኙት ሁለት ከተሞች፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎና ከሰመራ፣ ምሳሌ እየወሰድሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ይህን የምጽፈው ገና ደመወዝ መቀበል ለጀመራችሁ፣ ነገ ሻንጣችሁን ይዛችሁ የሰው በር ለምታንኳኩ፣ ከነገ ወዲያም ምናልባት የራሳችሁን ክፍል ለምታከራዩ ወጣቶች ነው።

መጀመሪያ የሽማግሌዎቹን ቃል እንመልከት። በደጋው አገር የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ የቤቱ ባለቤት ከየት እንደ መጣ እንኳ ሳይመረምር እግሩን አሳጥቦ፣ ካለው አብልቶ፣ ከምድጃው አጠገብ ያስተኛው ነበር። በአፋርም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሴቶች እንጨት አጉብጠው ሰሌን አልብሰው የሚሠሩት፣ ለጉዞም ሲነሡ በግመል የሚጭኑት ቤት ትንሽ ነው፤ ሆኖም ለመንገደኛ ወተት ይወጣበታል። መንገደኛውም በበኩሉ ያየውንና የሰማውን በዳጉ ሥርዐት ይናገራል፤ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ሰላም የት እንደ ታጣ ይገልጻል። ከዚህ በቀር የሚጠየቅ ነገር የለም። እንደዚህ ያለ ሥርዐት ያሳደጋቸው ሰዎች የአንድ ክፍል የወር ሒሳብ ሲቀበሉ እጃቸው ቢከብድ አያስደንቅም።

ነገር ግን እንግዳ መሆን ራሱ የሚከብድበት ጊዜ እንዳለ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግሥቱ ብር፣ በሦስተኛው ቀን መዳብ ነው ማለታቸው በከንቱ አልነበረም። እንግዳ የተሰጠውን ይበላል እንጂ ወጡ ቀጭኗል አይልም፤ የተነጠፈለት ላይ ይተኛል እንጂ ቤቱ ይሞቃል አይልም። ይህ ለአንድ ሌሊት ይቻላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ማን ይችለዋል?

በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ማደሪያዎች ተጽፈው እናገኛለን። አንደኛው የሱነም ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ያሠራችው ትንሽ ሰገነት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ታሪክ ያስተማሩን መምህር፣ ሴትዮዋ ያስገባችለትን ዕቃ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መቅረዝ እያሉ በጣታቸው ይቆጥሩልን ነበር። ያ ክፍል በነጻ የተሰጠ ነው። ኤልሳዕ ግን አላፊ መንገደኛ ነበር፤ ሲያልፍ ያርፍበታል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው ማደሪያ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮም ከተማ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀመጠበት የኪራይ ቤት ነው። ጳውሎስ እስረኛ ነበር፤ ነገር ግን በተከራየው ቤት ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ ያለ ከልካይ ይቀበል ነበር። ስለ ሁለተኛው ማደሪያ ሲሰበክ እምብዛም አልሰማሁም፤ ለዛሬው ኑሯችን ግን የሚቀርበው እርሱ ነው። ኪራይ የከፈለ ሰው ከምስጋና ዕዳ ነጻ ነው፤ በሩን ዘግቶ ሊተኛ፣ ከፍቶም ወዳጁን ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ ማከራየትን ነውር የሚሉ ሽማግሌዎች የአከራዩን ክብር ሲያስቡ የተከራዩን ክብር ዘንግተዋል እላለሁ።

አዋሽ ሰባት ኪሎም ብትሆን ከማደሪያ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰበት ዘመን፣ ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድር ነበር። ገንዘብ ላለው ከጣቢያው አጠገብ ቡፌ የሚባለው ሆቴል ነበረለት፤ ኪሱ የማይፈቅድለት ደግሞ እንደ አቅሙ የሚጠጋበትን ይፈልግ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ማንንም በአዋሽ እንዲያድር አያስገድድም። የጂቡቲ መንገድ ሾፌሮች ግን ዛሬም ያድራሉ፤ ለሥራ የመጣውም ሰው ክፍል ይፈልጋል።

የሰመራ ነገር ከዚህ ይለያል። ሰመራ የአፋር ክልል መንግሥት መቀመጫ ከአሳይታ ወደ እርስዋ እንዲዛወር ታስቦ፣ ከጂቡቲ መንገድ ዳር በባዶ ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ቢሮው ቀድሞ ቆመ፤ በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ የሠራተኛው መኖሪያ ግን ከኋላ ቀረ። ስለዚህ ከደጋ የመጣው መምህር፣ ነርሱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ከዱብቲና ከአሳይታ የመጣውም የአገሩ ልጅ፣ ብዙዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሎጊያ ክፍል ተከራይተው ጠዋት ወደ ሰመራ፣ ማታ ወደ ሎጊያ ይመላለሳሉ። ሎጊያ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማረፊያ ሆና የቆየች ስለሆነች አልጋ ማከራየት ታውቅበታለች፤ ዓመት የሚቀመጥ ሰው ማኖር ግን ሌላ ትምህርት ነው።

አከራዮቹስ እነማን ናቸው? ባለ ብዙ ሕንጻ ሀብታሞች አይምሰሏችሁ። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታም በሊዝ የሚሰጠው በጊዜ ገደብ ውስጥ እንዲገነባበት ነው። ቦታ ያገኘ ሰው ጊዜው ሳያልፍበት ይሠራ ዘንድ ከዘመድ፣ ከዕቁብ፣ ከባንክ ይበደራል። ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ ዋጋቸው ዕለት ዕለት ይወጣል። ስለዚህ ዋናውን ቤት ትቶ በጓሮ በኩል ሰርቪስ የሚባሉትን ክፍሎች በመደዳ ይሠራል፤ በአንዱ ከነቤተሰቡ ተጨናንቆ ይገባል፤ የቀሩትን ያከራያል፤ በኪራዩም ዕዳውን ይከፍላል፣ ከተረፈም የዋናውን ቤት መሠረት ያወጣል። አምስት ነፍስ በአንድ ክፍል ታጭቆ ቀጥሎ ያለውን ሰፊ ክፍል ለተከራይ የሰጠ አባወራ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ስግብግብ ብሎ መሳደብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1776 ዓመተ ምሕረት ስለ መንግሥታት ሀብት ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ነገር በለንደን አይቶ ጽፎታል። የለንደን ነጋዴ ደንበኞቹ ባሉበት ሰፈር ሙሉ ቤት ለመከራየት ይገደዳል፤ በምድር ቤቱ ይነግዳል፣ እርሱና ቤተሰቡ በጣራው ሥር ይተኛሉ፣ መካከለኛዎቹን ፎቆች ለሌላ ያከራያል። ኑሮው ግን ከንግዱ ነው እንጂ ከተከራዮቹ አይደለም። ስለዚህም በለንደን ቤት እጅግ ውድ ሆኖ ሳለ ክፍል ርካሽ ነው ይላል። በፓሪስና በኤዲንበርግ ግን አከራዮቹ ሌላ መተዳደሪያ ስለሌላቸው የቤታቸውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የኑሯቸውን ሁሉ ከተከራዩ ላይ ያወጣሉ። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ስለ ዋጋ ስንነጋገር ይጠቅመናልና ያዙት።

ማከራየት ጨርሶ ይቅር ያልንበትም ጊዜ ነበረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘትን ከለከለ። ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ እንዲያስተዳድራቸው ሆነ፤ የትንንሾቹም ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። በዚያን ጊዜ በደሳሳ ጎጆ ውስጥ ይኖር የነበረ ድኻ ተከራይ የተሰማውን ደስታ መካድ ሐሰት ነው። ይሁንና የሰው ብዛት ሲጨምር የቤት ቁጥር አብሮ አልጨመረም። የሚያከራየው ክፍል የሌለው መስሎ መታየት ያለበት ሰው ክፍል አይሠራም፤ ትርፍ የማያገኝበትንም አያድስም። ሰው ግን ማደሪያ መፈለጉን አልተወም፤ ስለዚህ ደባልነት በየቤቱ ገባ። ደባሉ ለጎረቤት «የእናቴ ወንድም ልጅ ነው» እየተባለ በሥውር ይከፍል ነበር። በሥውር የሚከፍል ሰው ደግሞ ደረሰኝ የለውም፣ ውል የለውም፣ ቢበደልም የሚናገርበት አፍ የለውም። ከዚህ የምማረው፣ ነገሩን ማገድ በደልን አጥፍቶ ሳይሆን ሸሽጎ እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኞቹ ሰዎች፣ «ቤቱ የእኔ ነው» ወደሚሉት እንመለስ። ቤቱ የእነርሱ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያከራዩት ምንድን ነው? በሰመራ፣ በሎጊያና በአዋሽ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ እንደ ደጋው ቀላል አይደለም። ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ በአፋር ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቀን ሙሉ ፀሐይ የበላው ቆርቆሮ ሌሊቱን ሲተነፍስ ያድራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ግቢ ያወጣል፤ ባለቤቱም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም፣ ተከራዩም በሰማይ ሥር ይተኛሉ። ክፍሉ ቀን ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ልብስ የሚቀየርበት ነው፤ ማደሪያው ግን ግቢው ነው። ይህ ሆኖ ሳለ «ያከራየሁት ክፍሉን ነው፤ ግቢው የልጆቼ ነው፤ አልጋ እንዳይወጣ» የሚል አከራይ አለ። ይህ ሰው ምን ሸጠ? እርሱ ራሱ አንዲት ሌሊት የማያድርበትን ምጣድ በወር ሒሳብ ሸጠ። በውሉ ላይ የተጻፈው «አንድ ክፍል» የሚል ቢሆንም፣ በዚያ አገር ክፍል ማለት ከነሌሊቱ አየር መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። በቃል ተሸሽጎ የሰውን ገንዘብ መውሰድ በሚዛን ከማጭበርበር በምን ይለያል?

የመብራቱም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ ብቻ ይኖራል፤ አራትና አምስት ተከራይ ቬንትሌተሩን ከእርሱ ላይ ይስባል። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ድኻ በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እየከበደ ይሄዳል። አምስት ድኾች በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ በወረቀት ላይ አንድ ሀብታም ይሆናሉ፤ በሀብታሙም ዋጋ ይከፍላሉ። ይህ የአከራዩ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡን በጉያው ይዞ «ይህን ያህል መጥቷል» እያለ የገዛ ቴሌቪዥኑንና ማቀዝቀዣውን በተከራዮቹ ላይ የሚደለድል አለ። ወረቀቱን አምጥቶ በግቢው መካከል ቢያነብ ምን ይጎዳዋል? ስለ ውኃ በጀሪካን የሚነሣውን ጭቅጭቅ እተወዋለሁ፤ ከዚህ የተለየ አይደለምና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የበሩ ነገር ነው። አንዳንድ ባለቤት ትርፍ ቁልፍ በእጁ ያስቀራል፤ ተከራዩ ሥራ ሲውል ገብቶ አልጋው እንደ ምን እንደ ተነጠፈ፣ ምን እንዳበሰለ ያያል። ማን እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ሄደ ይቆጥራል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን የውጭውን በር ይቀረቅራል። ይህን ሲያደርግ ክፉ ነኝ ብሎ አያስብም፤ ቤቱን እየጠበቀ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ሥጋቱም ባዶ አይደለም። ባሏ ሞቶባት ከሴቶች ልጆቿ ጋር የምትኖር እናት ሰካራም ተከራይ ሌሊት በሯን ሲደበድብ ምን እንደሚሰማት ለመገመት አያስቸግርም። እንዲህ ያለች ሴት ማን እንደሚያድር የማወቅ መብት የላትም የሚል ካለ፣ እርሱ ከሰው ጋር ኖሮ አያውቅም። የምለው ይህ ነው፤ ሕግ ካላት ሕጉን ገንዘቡን ሳትቀበል በፊት ትናገር። «እንግዳ አይደርም፤ በሩ በአራት ሰዓት ይዘጋል» ብትል ሰውየው አስቦበት ይገባል ወይም ይሄዳል። የስድስት ወር ኪራይ ከተቀበሉ በኋላ የሚወጣ ሕግ ግን ሌላ ነው፤ ተከራዩ ዕቃውን አስገብቷል፣ ገንዘቡን ጨርሷል፣ እንዳይወጣ ተይዟል። በገንዘብ ያስተላለፉትን ክፍል በትእዛዝ መልሶ መያዝ አይገባም።

ማንን ማስገባት፣ ማንን መመለስ? «ልጅ ላለው አላከራይም» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ የተለመደ ነው፤ አሁን ወደ ቆላውም ወርዷል። አንድ መጸዳጃ ለሃያ ሰው በሆነበት ግቢ ባለቤቱ ቁጥር መወሰኑን እረዳለሁ። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን ጠይቆ ክፍል መከልከል ግን ከቁጥር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በሎጊያ ከአንድ የአፋር ቤተሰብ ግቢ ውስጥ የረመዳንን ጾም ባለቤቶቹ ሲጾሙ፣ ሁዳዴን ተከራዮቹ ሲጾሙ፣ አንዱ ለሌላው ማታ ምን እንደሚያቀምስ ሲያስብ ተመልክቻለሁ። የድሮው መንገደኛ በዳጉ የሚጠየቀው ከየት እንደ መጣና በመንገዱ ላይ ምን እንዳየ ነበር፤ ይህም የሚጠየቀው በሩ ከተከፈተለት በኋላ ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ የተከራየ ሰው ሁሉ እንቅልፍ የሚያጣው በእርሱ ነውና። መንግሥት ለሠራተኛው ደመወዝ ጨመረ የተባለ እንደ ሆነ፣ ጭማሪው ከሠራተኛው እጅ ሳይገባ የኪራዩ ጭማሪ ቀድሞ በሩን ያንኳኳል። አከራዩ ሲጠየቅ «ጤፉ ለእኔም ተወዷል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ተወዶበታል። ታዲያ መጨመር የለበትም? ይጨምር፤ ግን በምን ልክ? እዚህ ላይ ነው የአዳም ስሚዝ የለንደኑና የፓሪሱ አከራይ የሚለያዩት። አንዱ ቤቱን ለማቆየት ያከራያል፤ የዕዳውን ድርሻ፣ የዕድሳቱን፣ የግብሩን ያሰላል፣ ከተከራዩ ጋር ሸክሙን ይከፋፈላል። ሌላው የሚያሰላው የራሱን ወጪ አይደለም፤ «ይህ ሰው ከዚህ ቢወጣ የት ይገባል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱ «የትም» ሲሆን ዋጋውን ይቆርጣል። የሰው መሄጃ ማጣት የዋጋ መለኪያ ሲሆን፣ በውኃ ጥም ለሚሞት ሰው ኩባያ ውኃ በወርቅ ከመሸጥ አይለይም። ሰመራ በመሰለ አዲስ ከተማ፣ ቢሮው ብዙ ቤቱ ጥቂት በሆነበት፣ ይህ ፈተና በእያንዳንዱ አከራይ ፊት በየወሩ ይቆማል። አከራዩም ራሱ ቦታ ፍለጋ የተንከራተተበትን፣ የሲሚንቶ ነጋዴ ያስለቀሰውን ዘመን ገና አልረሳውም።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ሁለት ዓመት የሚለውን ሳነብ የሐዋርያው የሮም ቤት ትዝ ብሎኝ ፈገግ አልሁ። ነገር ግን ዛሬም በቃል ብቻ የሚከራይ፣ ስድስት ወር በቅድሚያ የሚጠይቅ፣ ደላላውም ከሁለቱም ወገን የሚቀበልበት ግቢ ሞልቷል። ሕግ በር ድረስ ያደርሳል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሰውየው ራሱ መጨረስ አለበት።

ተከራይም ግዴታ አለበት፤ ቀኑ ሲደርስ ይክፈል፣ የተቀበለውን ክፍል አያበላሽ፣ በራሱ ስም የተከራየውን ለሌላ አሳልፎ አያትርፍበት። ይህ ግልጽ ስለሆነ አላስረዝመውም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው ቤቱን ትቶ በውጭ ያድር ነበር፤ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደ፤ ግድግዳዎች ተሰነጠቁ። ለመግባት የሚፈራበት ክፍል ያለው ተከራይ የዚያን ወር ኪራይ ይከፍላልን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ያከራየውን ቤት ለተባለው አገልግሎት በሚሆን ሁኔታ እንዲጠብቅና እንዲያድስ ይጠይቀዋል። ግድግዳውን የሰነጠቀው ግን አከራዩ አይደለም፤ የማደሻ ገንዘቡም ያው ኪራዩ ነው። እኔ ቢጠይቁኝ፣ ሰው ያላደረበት ክፍል ኪራይ አይጠየቅበትም፤ ተከራዩም ሲመለስ በስንጥቁ ምክንያት ውሉን አፍርሶ ወዲያው አይሂድ፣ ጭቃውን አብሮ ይለስን እላለሁ። ይህን ስል የሚቃወሙኝ መኖራቸውን አውቃለሁ፤ አንድ ወዳጄ «አንተ ሁለቱንም ታከስራለህ» ብሎኛል። ምናልባት ሳያከስር የሚያልፍ መንቀጥቀጥ የለም ይሆናል።

በቅርቡ በሰመራ ወይም በአዋሽ ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ክፍል ለማየት በጠዋቱ ነፋስ አትሂዱ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ በሩን ዘግታችሁ ጥቂት ቁሙበት። የባለፈውን ወር የመብራት ወረቀት ለማየት ጠይቁ። ገንዘብ ከኪሳችሁ ሳታወጡ በፊት፣ ማታ አልጋችሁን የምታወጡበት ቦታ የቱ እንደሆነ ባለቤቱ በእግሩ ረግጦ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።